ዘውዱን አውልቁለት

«ማስተርፒስ» የምትባለው ቃል እረፍት ያስፈልጋታል። ደክማለች። የኬንድሪክ ላማር «ሚስተር ሞራል ኤንድ ዘ ቢግ ስቴፐርስ» እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2022 ከወጣ ጀምሮ ሁለት የራፕ ወዳጆች በተገናኙበት ሁሉ ይህቺው ቃል ትጎተታለች። አንዱ «ማስተርፒስ ነው!» ይላል። ሌላው «እኔን እንቅልፍ ነው የወሰደኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አይሰማም። ሰውየው እኮ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ከድሬክ ጋር ተናንቆ የዓለምን ጆሮ ይዟል፣ «ጂኤንኤክስ» የተባለ ሌላ አልበም አውጥቷል፣ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ በሱፐር ቦውል መድረክ ላይ አቀንቅኗል። የአድናቂዎቹ ጠብ ግን ዛሬም እዚያው 2022 ላይ ቆሟል።

እዚህ የምንጽፈው ልጆች አንባቢን ማንጠልጠል አንወድም፤ ስለዚህ አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። «ሚስተር ሞራል» ማስተርፒስ አይደለም። በውስጡ ግን ማንኛውም ራፐር ዕድሜ ልኩን ቢመኛቸው የማያገኛቸው ሦስት አራት ዘፈኖች አሉ። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ አእምሮ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ይህን የምንጽፈውም አልበሙን ለማዋረድ አይደለም። «ማስተርፒስ» የምትለው ቃል ሙገሳ መሆኗ ቀርቶ የአፍ መዝጊያ ስለሆነች ነው። ቃሏ ከተነገረች በኋላ ጥያቄ የለም። እዚህ አልበም ውስጥ ደግሞ የግድ መጠየቅ ያለበት አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ።

ነገሩ ምንድነው?

ለማያውቅ ወዳጃችን ባጭሩ እንንገረው። ኬንድሪክ የኮምፕተን፣ ካሊፎርኒያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ጉድ ኪድ፣ ማድ ሲቲ»ን፣ በ2015 «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ»ን፣ በ2017 «ዳም»ን አወጣ። በዚህ በመጨረሻው በ2018 የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማትን አገኘ። ሽልማቱ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ለሆነ ሥራ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ጠፋ። በ«ዳም» እና በ«ሚስተር ሞራል» መካከል ያለው ጊዜ 1,855 ቀን ነው፤ ቁጥሩን እሱ ራሱ በአልበሙ መክፈቻ ላይ ይጠራዋል።

ተመልሶ ሲመጣ የያዘው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው በሁለት የተከፈሉ 18 ዘፈኖች፣ ከ70 ደቂቃ በላይ ኑዛዜ። ሽፋኑ ላይ የእሾህ አክሊል ደፍቶ፣ ልጁን ታቅፎ፣ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሰክቶ ቆሟል፤ የልጆቹ እናት ዊትኒ አልፎርድ ከኋላው አልጋ ላይ ሕፃን ይዛ ተቀምጣለች። አልበሙ ውስጥም የእሷ ድምፅ እየገባ ይመራዋል፣ ይገሥጸዋል። ኤክሃርት ቶሌ የተባለው የመንፈሳዊ መጻሕፍት ደራሲም ድምፁ አለ። ጠቅለል ሲል አንድ የራፕ ንጉሥ የሥነ ልቦና ሐኪም ፊት ተቀምጦ፣ ሴሰኝነቱን፣ ቁጣውን፣ የአባቱን ጥላና የእናቱን ቁስል እየዘረገፈ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ቀላል አይደለም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ሰው «ፋዘር ታይም»ን ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። አባት ልጁን ጠንካራ ሊያደርገው ብሎ ስሜቱን እንዴት እንደቆለፈበት፣ ልጁም ያንን ቁልፍ ጀግንነት ነው ብሎ እንዴት እንደተሸከመው ኬንድሪክ ሲናገር፣ ከኮምፕተን እስከ ኮልፌ ያለ ወንድ ልጅ ሁሉ ስሙ የተጠራ ያህል ይደነግጣል። ሳምፋ በዚያ በሚሰባበር ድምፁ ሲገባበት ደግሞ አይጣል ነው። በጓደኞቻችን መካከል «እኔም እኮ ከአባቴ ጋር…» ብለው ጀምረው ሳይጨርሱ ዝም ያሉ አሉ። ሙዚቃ ይህን ካደረገ ብዙ አደረገ። ይህን የሚክድ ሰው ከእኛ ወገን አይደለም።

ግን ብዙ ማድረግና ማስተርፒስ መሆን አንድ ናቸው? እስቲ የአድናቂዎቹን መከራከሪያ አንድ በአንድ እንያቸው።

«አልገባህም»

የመጀመሪያው መከራከሪያ ይህ ነው፤ መከራከሪያ ከተባለ። ዘፈኑ ደረቀብኝ ስትል «አልገባህም» ትባላለህ። ፒያኖው ለምን እንዲህ ተንኳኳ ስትል «የሐኪሙን ክፍል ጭንቀት ለማሳየት ነው» ትባላለህ። «ክራውን» ላይ አንዱን ሐሳብ እየደጋገመ አሰለቸኝ ስትል «መሰላቸትህ ራሱ መልእክቱ ነው» ይሉሃል። እንግዲህ ድካሙም መልእክት፣ ስህተቱም መልእክት፣ ዝምታውም መልእክት ከሆነ ሰውየው መሳሳት የሚችለው መቼ ነው?

ይህ ነገር እኛ ዘንድ የታወቀ ነው። ሰምና ወርቅ ያለበት አገር ልጆች ነን። «አንተ ሰሙን ብቻ ነው ያየኸው፣ ወርቁ ሌላ ነው» ማለት እንዴት እንደሚያስደስት እናውቃለን። ተናጋሪውን ሊቅ፣ ሰሚውን ጨዋ ያደርጋል። ነገር ግን ይህችን ፈሊጥ የሚወዱ ሰዎች የምትመጣበትን የአንጥረኛ ቤት ረስተዋታል። አንጥረኛው መጀመሪያ ሰሙን ይቀርጻል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቁን ያፈስሳል። ወርቁ መልኩን የሚያገኘው ከሰሙ ነው። ሰሙ የተንሻፈፈ እንደሆነ ወርቁም ተንሻፍፎ ይወጣል። የቅኔ ተማሪም ቢሆን በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ሲጀምር «ምሥጢሬ ጥልቅ ነው» ብሎ ልኩን ከሳተ መምህሩ አያልፉትም። መጀመሪያ ቤቱ ይምታ፣ ምሥጢሩ ከዚያ ይመጣል።

«ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ»ን አስታውሱ። እሱም ከባድ ነው፣ እሱም ሲወጣ «ብዙ ጃዝ አለው» ተብሎ ታምቷል። ነገር ግን ሰሙ ሙሉ ነበር። ተንደርካት፣ ካማሲ ዋሺንግተን፣ ቴረስ ማርቲን፣ ሮበርት ግላስፐር የተሳተፉበት ሙዚቃ ነው፤ ቃሉ ባይገባህ እንኳ ገላህ ይገባዋል። በዘፈኖቹ መካከል አንድ ግጥም ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄድና መጨረሻው ላይ ሙሉ ሆኖ ይነበባል፣ ከዚያም ቱፓክ እ.ኤ.አ. በ1994 ለስዊድን ሬዲዮ ከሰጠው ቃለ ምልልስ በተወሰደ ድምፅ ኬንድሪክ ከሟቹ ጋር ሲነጋገር እንሰማለን። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። በ2015 የፖሊስን ግፍ የተቃወሙ ወጣቶች «ኦልራይት»ን አደባባይ ላይ ሲዘምሩት ማንም ቆሞ ትርጉሙን አላብራራላቸውም። ማስተርፒስ ማለት ያ ነው፤ ወርቁም ሰሙም።

«ሚስተር ሞራል» ውስጥ ግን ሰሙ ብዙ ቦታ ላይ አልተያዘም። «ዊ ክራይ ቱጌዘር»ን እንውሰድ። ኬንድሪክና ተዋናይት ቴይለር ፔጅ እንደ ባልና ሚስት ወደ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይሰዳደባሉ። ትወናው ያስደነግጣል። ሁለተኛ ጊዜ ስንት ሰው ሰማው? ለአንዴ የሚሆን ቴአትር ጥሩ ቴአትር ሊሆን ይችላል፤ አልበም ግን የሚኖሩበት ቤት ነው። አንድ ክፍል በገባህ ቁጥር ጆሮህን ይዘህ የምትሮጥ ከሆነ የቤቱ አናጢ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ነዋሪው አልገባውም ማለት አይደለም።

«ጊዜ ስጠው»

ሁለተኛው መከራከሪያ የካንዬ ዌስትን «808ስ ኤንድ ሃርትብሬክ» ይጠራል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 ሲወጣ ብዙ የራፕ ወዳጅ ሳቀበት። ራፐሩ ራፕ ትቶ በአውቶቱን ያንጎራጉራል፣ እናቱን በቀበረ በዓመቱ በከበሮ ማሽን ያለቅሳል ተባለ። ከዚያ ምን ሆነ? ድሬክን ጨምሮ ቀጣዩ ትውልድ በሙሉ ከዚያ አልበም ሆድ ወጣ። ስለዚህ «ዛሬ የተናቀ ነገ ይከብራል፣ ሚስተር ሞራልንም ጠብቁት» ይሉናል።

ግን ልብ በሉ። «808ስ»ን ያከበረው ጊዜ ብቻውን አይደለም። ሌሎች ሙዚቀኞች ወስደው ስለሠሩበት ነው። መሣሪያ ሰጥቷቸዋል። የተናቀ ሁሉ ደግሞ አይከብርም። ኮመን እ.ኤ.አ. በ2002 «ኤሌክትሪክ ሰርከስ»ን አወጣ፤ ደፋር ነበር፣ እንግዳ ነበር፣ አድናቂውን ለሁለት ከፈለ። ከ20 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም የጥቂት ወዳጆቹ ምሥጢር ነው። ጊዜ ዳኛ እንጂ ጠበቃ አይደለም፤ ላንተ እንደሚፈርድ አስቀድመህ ልታውጅ አትችልም። ደግሞስ ከ2022 ወዲህ ማን ነው «ሚስተር ሞራል»ን ተከትሎ ሙዚቃውን የለወጠ? ኬንድሪክ ራሱ እንኳ አልተከተለውም። በኖቬምበር 2024 ያወጣው «ጂኤንኤክስ» 12 ዘፈን ብቻ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ የመኪና ሙዚቃ ነው። አናጢው ራሱ ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ቤት ሠራ።

ቁጥርና ዋንጫ

ሦስተኛው መከራከሪያ ሒሳብ ነው፤ እሱም ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ወዳጆቹ «በፌብሩዋሪ 2023 በግራሚ ምርጥ የራፕ አልበም ተብሏል» ይላሉ። ጠላቶቹ «የመጀመሪያ ሳምንቱ 295 ሺሕ ገደማ ነው፣ ‹ዳም› እኮ 603 ሺሕ ነበር» ይላሉ። ወዳጆቹ «ያም ሆኖ ቢልቦርድ ላይ አንደኛ ነበር» ብለው ይመልሳሉ። ጠላቶቹ «የዓመቱን አልበም ሽልማት ግን ሃሪ ስታይልስ ወስዶበታል» ብለው ያሾፋሉ። አቦ፣ የኳስ ሠንጠረዥ ነው እንዴ የምንከራከረው? ናስ እ.ኤ.አ. በ1994 «ኢልማቲክ»ን ሲያወጣ በ10 ትራክ፣ በ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ አንድ ሰፈር ሙሉ አቆመ፤ ያንን ታላቅ ያደረገው ዋንጫ አይደለም። ዋንጫና ሽያጭ የሚነግሩህ ኩባንያዎችና መራጮች ምን እንዳሰቡ ነው። አንተ ምን ሰማህ? ጥያቄው እሱ ነው።

እግረ መንገዳችንን ለዚያኛው ወገንም አንድ ነገር እንበል፤ ለ«አያስጨፍርም» ወገን። መጀመሪያ ነገር «ኤን 95» ያስጨፍራል። ሁለተኛ፣ «አያስጨፍርም» ትችት አይደለም፤ የግብዣ ትዕዛዝ ነው። አንድ ሰው ስለ እናቱ ጥቃት ሲያወራ «ቢቱ የታለ?» የሚል ጆሮ የሰው ጆሮ መሆኑን እንጠራጠራለን። አልበሙን ማስተርፒስ አይደለም ስላልን ከእናንተ ጋር ቆመናል ማለት አይደለም። እናንተ የጠላችሁት ማልቀሱን ነው። የእኛ ቅሬታ በማን ፊት እንዳለቀሰ ነው።

ኮዳክ ብላክ እዚህ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሁሉም የሚሸሸው፣ «ማስተርፒስ» የሚለው መጋረጃ የተጋረደበት ነገር ይህ ነው።

አምስተኛው ዘፈን «ፋዘር ታይም» ያበቃል። አባትና ልጅ፣ ቁስልና ዝምታ። ልብህ ገና አልተረጋጋም። ስድስተኛው ይጀምራል፤ በፒያኖ ላይ ከድህነት እንዴት እንደወጣ የሚያወራ ሌላ ድምፅ ይመጣል። የፍሎሪዳው ራፐር ኮዳክ ብላክ ነው። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ «ሳይለንት ሂል» ላይ ሙሉ ስንኝ ተሰጥቶታል። ይህ ሰው በ2016 በደቡብ ካሮላይና ተፈጸመ በተባለ ድርጊት መጀመሪያ የተከሰሰው በአንዲት ገና በትምህርት ቤት ባለች ወጣት ላይ ወሲባዊ ጥቃት በመፈጸም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዐቃቤ ሕግ ጋር በተደረገ ስምምነት ክሱ ወርዶ በድብደባ ወንጀል ጥፋተኛ መሆኑን አምኗል፤ የ18 ወር አመክሮ ተፈርዶበታል። ይህ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ ሐሜት አይደለም።

አድናቂው መልስ አለው፤ መልሱንም ንቀን አናልፈውም። «ሆን ብሎ ነው ያስገባው» ይላል። «አልበሙ የሚለው እኮ የቆሰለ ሰው ያቆስላል ነው። ኮዳክም በድህነትና በእስር ቤት ያደገ የተጎዳ ልጅ ነው። ኬንድሪክ ሰውን ቆርጦ መጣል መፍትሔ አይሆንም እያለን ነው።» እሺ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እኛም ሰው በአንድ ጥፋት ለዘለዓለም ይጣል አንልም። ጥፋቱን ያመነ፣ የተጸጸተ ሰው የሚመለስበት መንገድ ከሌለ ማንም እውነት አይናገርም።

ግን ሐሳቡን በአልበሙ ውስጥ ፈልጉት። አታገኙትም! በዚህ አልበም ሁሉም ይናዘዛል። ኬንድሪክ ሴሰኝነቱን ይናገራል። ስለ አባቱ ይናገራል። ስለ ራሱ ግብዝነት ይናገራል። ሁሉም ሰው ልብሱን ባወለቀበት ቤት ውስጥ ፍርድ ቤት ፊት የቆመበት ጉዳይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ካፖርቱን ሳያወልቅ ገብቶ ስለ ድህነቱ፣ ስለ ሀብቱና ስለ ልጆቹ አውርቶ ይወጣል። ስለዚያች ልጅ አንድ ቃል የለም። ከእሱም የለም፣ ከጋባዡም የለም። ቁስሉ ተነገረ፣ ያቆሰለው አልተነገረም። ይህ የሞራል ጉድለት ብቻ ቢሆን «ሙዚቃና ሞራል ይለያያሉ» ትሉን ነበር። ግን የአሠራርም ጉድለት ነው። አልበሙ ራሱ ያወጣውን ሕግ ራሱ አፈረሰ። ኑዛዜን ምሰሶ አድርጎ የሠራውን ቤት በትልቁ ምሰሶ ቦታ ላይ ባዶውን ተወው።

ያገራችንን ሽምግልና አስቡት። ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ሲቀመጥ በዳይንም ተበዳይንም ይጠራል። የበዳይን የልጅነት መከራ ብቻ ሰምቶ «በቃ ታርቃችኋል» ብሎ የሚነሳ ሽማግሌ ሽማግሌ አይባልም፤ የበዳይ ወዳጅ ነው። ይቅርታ የሚሰጠው ደግሞ ተበዳዩ እንጂ ሽማግሌው አይደለም። ኬንድሪክ እዚህ ሽማግሌ ሆኖ ተቀመጠ፣ አንዱን ወገን ብቻ ጠራ፣ ጉባኤውንም በተነ።

«ከዚህ የተሻለ እንዴት ሊሠራው ይችል ነበር?» የሚል ካለ፣ መልሱ እዚያው አልበም ውስጥ ነው። «አንቲ ዳያሪስ»ን ስሙ። ጾታቸውን ስለለወጡ ሁለት ዘመዶቹ ይናገራል፤ ልጅ ሳለ በእነሱ ላይ የሚወረወረውን ስድብ እሱም እንዴት እየሳቀ ይወረውር እንደነበር ያምናል። በዘፈኑ ላይ ያንን ስድብ መደጋገሙና የቀድሞ ስማቸውን መጥራቱ ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ ቁጣቸው ተገቢ ጥያቄ ነው። ዘፈኑ ግን አንድ ትልቅ ነገር ያደርጋል፤ ተበዳይዋ መልስ ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በአላባማ አንድ ኮንሰርት ላይ ኬንድሪክ ነጭ አድናቂ ወደ መድረክ ጠርቶ፣ ጥቁሮችን የሚያዋርደውን ቃል ከዘፈኑ ጋር ስትለው አስቁሟት ነበር። ዘመዱ ይህንኑ እያስታወሰች ሚዛኑን በራሱ ላይ ታዞርበታለች። ዘፈኑ የሚያልቀው በእሱ ጥበብ አይደለም፤ በእሷ ፍርድ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል ማለት ነው። ለአንዷ የሰጠውን ድምፅ ለሌላዋ ነፈጋት።

የሚያስቆጨውም ይህ ነው

አሥራ ሰባተኛው ዘፈን «ማዘር አይ ሶበር» ነው። ቤት ጊቦንስ፣ የፖርቲስሄዷ ድምፃዊት፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ለቅሶ ታዜማለች። ኬንድሪክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገና ልጅ ሳለ በእናቱ ላይ የደረሰውን ጥቃት፣ ማስቆም ባለመቻሉ ለዓመታት የተሸከመውን ጥፋተኝነት ይናገራል። ቤተሰቡ አንድ ዘመድ እሱንም ነክቶታል ብለው ሲጠይቁት አልነካኝም ማለቱን፣ አለመታመኑን ይነግረናል። ከዚያም ጥቃት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚወርድ፣ ሥሩም እስከ ባርነት ዘመን እንዴት እንደሚወርድ ያሳየናል። በመጨረሻ የዊትኒ ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ የልጁ ድምፅ። ወደ ሰባት ደቂቃ ገደማ የሚሆን ይህ ዘፈን በራፕ ታሪክ ውስጥ ከተሠሩት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። አዎ፣ ማስተርፒስ ነው። ያቺን የደከመች ቃል ለዚህ እናስነሳታለን።

ነገር ግን ይህን ዘፈን የሠራ ሰው ከአምስት ዘፈን በፊት ኮዳክን ማይክ አስይዞታል። ስለ ጥቃት ሰለባዎች ዝምታ እንዲህ የሚያለቅስ አልበም ራሱ የአንዲትን ዝምታ አጸና። አልበሙን ሙሉ የሚወዱ ሰዎች ይህንን «ተቃርኖ ነው፣ ተቃርኖ ደግሞ ጥበብ ነው» ይላሉ። ተቃርኖ ጥበብ የሚሆነው ሥራው ተቃርኖውን ሲያይ ነው። ያላየው ተቃርኖ ጉድለት ይባላል።

አድናቂውም ቢሆን ያው ነው። በሜይ 2024 «ኖት ላይክ አስ» ሲወጣ፣ ኬንድሪክ ድሬክን ከለጋ ሴት ልጆች ጋር በተያያዘ ከባድ ነውር ወነጀለው፤ ድሬክ ሐሰት ነው ብሎ አስተባበለ። ዓለም ግን ጨፈረበት፣ በፌብሩዋሪ 2025ም አምስት የግራሚ ሽልማት ወሰደ። በዚያ ሰሞን የኬንድሪክ አድናቂ ሁሉ የሴት ልጆች ጠበቃ ሆኖ ነበር። «ታዲያ ኮዳክስ?» ስትሉት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ኪነ ጥበብ ውስብስብነት ያስረዳችኋል። ጠላት ሲሆን ነውር፣ ወዳጅ ሲሆን ቅኔ! እንዲህ ያለ ፍትሕ እኛም አገር ስላየነው አይገርመንም። ዝም ብለን ግን አናልፈውም።

እሱ ያወለቀውን አትመልሱበት

የሚያስቀው ነገር ምን መሰላችሁ? አልበሙ ራሱ በማስተርፒስ ባዮች ላይ ምስክር ነው። «ሴቪየር» የተሰኘው ዘፈን ሙሉ ሐሳቡ አንድ ነው፤ እኔም ሆንኩ ሌሎቹ ዝነኞች አዳኛችሁ አይደለንም ይላል። «ክራውን» ላይ ሁሉን ማስደሰት እንደማይችል ደጋግሞ ይናገራል። መዝጊያው «ሚረር» ላይ ከእናንተ ይልቅ ራሴን መርጫለሁ ብሎ ይሰናበታል። ሰውየው በ18 ዘፈን ዘውዱን ለማውለቅ ታገለ። አድናቂው ደግሞ ከመሬት አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ መልሶ ጭንቅላቱ ላይ ይደፋበታል፤ «እንዲህ ዘውድ የሚያወልቅ ንጉሥ ማን አለ?» እያለ።

የእኛ ትውልድ አንዱ ችግር ይህ ይመስለናል። የምንወደው ሰው አልሳካ ሲለው ማየት አንችልም። ስለዚህ ጉድለቱን ምሥጢር፣ ስህተቱን ጥልቀት እናደርግለታለን። በዘፋኝ ይጀምራል፣ በዘፋኝ ግን አያበቃም። «አልገባህም» የሚለው መልስ ነገ ከመምህር፣ ከሰባኪ፣ ከመሪ አፍ ሲመጣ የለመድነው ጆሮ ይዘን እንቀመጣለን። የምንወደውን ሰው መጠየቅ የምንለማመደው ቀላሉ ቦታ ላይ፣ በሙዚቃ ላይ ካልሆነ የት ሊሆን ነው?

ስለዚህ ፍርዳችን ያው ነው። «ሚስተር ሞራል» ታላቅ ኑዛዜ ነው፤ ሙሉ ያልሆነ ታላቅ ኑዛዜ። ከዚያ ውስጥ «ፋዘር ታይም»ን፣ «አንቲ ዳያሪስ»ን፣ «ማዘር አይ ሶበር»ን ውሰዱ፣ ለወንድሞቻችሁም አሰሙ። «ሳይለንት ሂል» ሲደርስ ደግሞ አትዝለሉት። ስሙት። ስታበቁም ስለ እሷ ማን ተናገረ ብላችሁ ጠይቁ። የሚቆጣችሁ አድናቂ ካለ ጥያቄውን ይመልስ፤ «ማስተርፒስ ነው» ማለት መልስ አይሆንም።